አልነሳ ያለው መጋዝ

ዛሬ ባሕር ዛፍ ልንቆርጥ ወጥተን ግማሽ ቀን የመጋዝ ማስነሻ ገመድ ስንጎትት ዋልን። የሞተር መጋዙ አልነሳ አለ። ሁሉም «ቾኩን ሳበው፣ ድገም!» ይላል (ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛው ማንሻ ነው)። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ብልጭታ ሰጪ) ፈትቼ ሳየው በቤንዚን ርሷል። ለካ ቤንዚን አንቆታል! ማብሪያውን አጥፍቼ፣ ቾኩን መልሼ፣ ካንዴላው ሳይገባ ገመዱን ደጋግሜ ሳብኩ። የታጨቀውን ቤንዚን ተፋው። (አጠገባችን ሲጋራ የለኮሰውን ልጅ አባረርኩት።) ካንዴላውን አድርቄ መለስኩት። ተነሳ።

ደስታችን ግን አልቆየም። መጋዙ እንጨቱን ያጨሰዋል እንጂ አይቆርጥም። የሚወጣውም ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ነው። ሰንሰለቱ ደንዟል ማለት ነው። ሰው ሞተሩን ይራገማል እንጂ ጥርሱን ማን ያያል? ሞተሩን አጥፍቼ በክብ ሞረድ እያንዳንዱን ጥርስ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ሞረድኩ። የግራና የቀኙ ጥርስ እኩል ካልተሳለ መጋዙ አጣሞ ይቆርጣል። ቤንዚንና ዘይቱ መቼ እንደተቀላቀለ ስጠይቅ «ከክረምት በፊት» አሉኝ። የቆየ ድብልቅ ሞተር ያስቸግራልና እሱን ቀድቼ አወጣሁ፤ አዲስ ቀላቀልን።