ማንጋኒዝ ወይስ ዚንክ? የኤም ዋኔን ብረት ቤት ውስጥ ፓርከራይዝ ሳደርግ የተማርኩት

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ኤም ዋን ጋራንዶች አሜሪካ ገበያ ላይ መሸጥ ጀምረዋል። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ የተዋጉት በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ነው። አንዱን በሕጋዊ መንገድ ገዝቼ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ወዳለው ቤቴ ሳስገባው ለኔ ተራ ዕቃ አልነበረም። እንጨቱ ደህና ነው። የሰደፉ ታች ብረት፣ የምላጩ መከለያና እንጨቱን የሚያቅፉት ቀለበቶች ግን ልባሳቸው አልቋል። ገሚሱ ነጭ ወጥቶ፣ ገሚሱ ዝገት ጀምሮታል።

ቁጥሩ የተመታበትን ዋና አካልና አፈሙዙን ላለመንካት ወሰንኩ። የድሮ መሣሪያ የመጀመሪያ ልባሱ ከተነካ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ከዋጋው በላይ ደግሞ ያ ልባስ ራሱ ታሪክ ነው። ትንንሾቹን ክፍሎች ብቻ ነው ያነሳሁት።

ፓርከራይዚንግ፣ ማለትም ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ የፎስፌት ልባስ ማልበስ፣ ቀለም መቀባት አይደለም። ትኩስ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ የብረቱን ገጽ በጥቂቱ ይበላል። ሃይድሮጅን በአረፋ መልክ ይወጣል። ብረቱ አጠገብ ያለው አሲድ ሲደክም ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው የማንጋኒዝ ወይም የዚንክ ፎስፌት ክሪስታል ሆኖ እዚያው ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ክሪስታሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ዘይት ይይዛል። ዝገትን የሚከላከለው በአብዛኛው ይሄ የያዘው ዘይት ነው። የዲትሮይቱ ፓርከር ኩባንያ ከ1915 ጀምሮ ሥራውን አስፋፋው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ ጦር በሰፊው ተጠቀመበት።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ ኤም ዋን ተሸክመዋል። ሐሳቤን ስነግራቸው፣ «አደራ፣ እንዳታብረቀርቀው! የወታደር ጠመንጃ ፀሐይ ላይ ካንጸባረቀ ባለቤቱን ያስበላል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ፎስፌት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይሄ ድብዝዝ መልኩ ነው።

ፈሳሹን መምረጥ ላይ ስደርስ ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ቤት ውስጥ መቀመም ነው። ፎስፎሪክ አሲድ፣ ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣ ጥቁር የማንጋኒዝ ዱቄትና የብረት ሱፍ አንድ ላይ የሚያፈሉ ሰዎች አሉ። ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ባትሪ ድንጋይ ውስጥ ክሎራይድ ያላቸው ጨዎች አሉ፤ ክሎራይድ ደግሞ የብረት ጠላት ነው። ዝገት ለመከላከል ብለህ ዝገት የሚጠራ ነገር ውስጥ ብረትህን አትነክርም። የአሲዱን ጥንካሬም በዓይን አታውቀውም። ስለዚህ የተዘጋጀ፣ በውሃ የሚቀጠን ፈሳሽ ለመግዛት ወሰንኩ። የቀረው ዚንክ ወይስ ማንጋኒዝ የሚለው ነው።

ዚንክ ፎስፌት ፈካ ያለ ግራጫ ይሰጣል። ክሪስታሉ ደቃቅ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዝቅ ባለ ሙቀት መሥራቱ ነው፤ እንደ አምራቹ ቢለያይም ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃዋል። ማንጋኒዝ ፎስፌት ጠቆር ይላል፣ ሸካራ ነው፣ መፋተግን የበለጠ ይችላል። ግን ከ88 እስከ 96 ዲግሪ ይፈልጋል። እንዲፈላ ደግሞ አይፈለግም። ከፈላ ፎስፌቱ ብረቱ ላይ መቀመጡን ትቶ ዝቃጭ እየሆነ ድስቱ ሥር ይተኛል።

እዚህ ላይ ነው የምንኖርበት ከፍታ የሚመጣው። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ውሃ እኛ ጋ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ቢሆን 92 ላይ ነው። ስለዚህ የማንጋኒዝ መመሪያ ላይ ያለው የላይኛው ቁጥር ለደጋ ሰው አይሠራም። እንዳይፈላብኝ ከ95 ትንሽ ራቅ ስል፣ እኔ የቀረኝ ከ88 እስከ 92 ያለች ጠባብ ክፍተት ናት። ቴርሞሜትር ከሌለህ ወይም ዓይንህን ከሱ ላይ የምታነሳ ከሆነ ደጋ ላይ ዚንክ ይሻልሃል። ይሄን መመሪያው ላይ የጻፈልኝ የለም፤ ብዙ ሰው ማንጋኒዝ አልያዘልኝም የሚለውም አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ታዲያ እኔ ማንጋኒዝን ለምን መረጥኩ? ውሳኔው የመጣው ከጠመንጃው ነው። የላይኛውን እንጨት ሳነሳ፣ እጅና ፀሐይ ያልደረሰበት የአፈሙዙ ክፍል ላይ የድሮው ልባስ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ጠቆር ያለ አመድማ፣ በጥፍር ሲነኩት ሸከር የሚል። ሁለቱንም ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ገዝቼ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ሞከርኩና አጠገቡ ያዝኩት። ዚንኩ ከሩቅ ያስታውቃል። የማንጋኒዙን ግን መለየት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ዝግጅት ነው። ክፍሎቹን በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሳንድብላስት አደረግኳቸው፣ ማለትም ሻካራውን ዱቄት በአየር ግፊት ረጨሁባቸው፤ ክሪስታሉ የሚጨብጠው እንዲህ ያለውን ሻካራ ገጽ ነው። ከዚያ ቅባታቸውን በደንብ አስወገድኩ። ከዚህ ጀምሮ ጓንት የግድ ነው፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ፈሳሹን አይቀበልም። ድስቱ ስቴንለስ ስቲል ነው፤ አሉሚኒየም በፍጹም አይሆንም። ማቅጠኛው የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ነው። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምር። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ውጭ በረንዳ ላይ፣ በጋዝ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠራሁ። አዲስ የማንጋኒዝ ፈሳሽ ጥቂት ብረት መቅመስ አለበት፤ ቅባቱ የወጣለት የብረት ሱፍ ቀድሜ አሟሟሁበት።

ብረቱን በስቴንለስ ሽቦ አንጠልጥለህ ሥሩን እንዳይነካ አድርገህ ታስገባዋለህ። ወዲያው ደቃቅ አረፋ እንደ ለስላሳ መጠጥ ይነሳል። ግራጫው ዓይንህ እያየ ይጠቁራል። አረፋው ሲረግብ ሥራው አልቋል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። አውጥተህ በሙቅ ውሃ ታጥበዋለህ፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አሲዱን ታረክሳለህ፣ እንደገና ታጥባለህ። ከዚያ ሳትውል ሳታድር ዘይት ውስጥ ትነክረዋለህ። ያኔ ትንሽ ጨለም ይላል፤ እውነተኛ መልኩ እሱ ነው።

ሞላዎችን አልነከርኩም። አሲዱ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረት ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል፤ ጠመንጃ ላይ በዚህ አይቀለድም። የጋዝ ሲሊንደሩንም፣ ማለትም አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ያለውን የተኩሱን ጋዝ የሚቀበል ክፍል፣ ተውኩት። ኤም ዋን ላይ ይሄ ክፍል ስቴንለስ ስቲል ስለሆነ ፎስፌት አይዘውም፤ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ነው የሚያስፈልገው። የተረፈውን ፈሳሽ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ምልክት አድርጌ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፌበታለሁ። ሲደክም የሚሄደው ወደ ከተማው የአደገኛ ኬሚካል መሰብሰቢያ ነው፤ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አይደፋም።