የሥልጠና ማስታወሻዬ፦ አምስተኛ ወር

የወጣቶች እንክብካቤ ሥልጠና ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክፍል ውስጥ አለፉ። የልጆች እድገት፣ የሕፃናት መብት፣ የመጀመሪያ ደረጃ እርዳታ። አሁን ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚያድጉ ልጆች ያሉበት ማሳደጊያ ውስጥ ተግባር ላይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የዕለት መዝገቡ ነው። ፈረቃችን ሲያልቅ የዋለውን ጽፈን ለቀጣዩ ተረኛ እናስረክባለን። በሁለተኛው ሳምንት ስለ አንድ ልጅ «ዛሬ በጣም ግልፍተኛ ነበር፤ እራትም እምቢ አለ» ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኜ አነበበችና «ምን አየሽ?» አለችኝ። እንደገና አስታወስኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቱ ትደውላለች ተብሎ ነበር። አልደወለችም። እስከ አሥራ ሁለት ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበሩን ገፍትሮ ክፍሉ ገባ፣ በሩን በኃይል ዘጋ።

ይህን ስጽፍ «ግልፍተኛ» የሚለው ቃል ቦታ አጣ። እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ነው የቀረው። የማታ ተረኛው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቢያነብ ልጁን ሊቆጣጠር ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር። ሁለተኛውን አንብቦ ግን እራቱን ይዞለት ገባ፣ አብሮት ተቀመጠ።

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ከአሳዳጊያቸው የተለዩ ሕፃናት መጀመሪያ ይቃወማሉ፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻም ይርቃሉ ይላል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። እሱ የጻፈው ስለ ትንንሽ ልጆች ነው፣ የኛዎቹ ጎረምሶች ናቸው። ቢሆንም ያ በር ሲዘጋ የሰማሁት ተቃውሞ ይመስለኛል። የሚቃወም ልጅ ደግሞ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

ሌላው የከበደኝ ምስጢር ነው። አንዲት ልጅ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። እንደተማርነው፣ «የሚጎዳሽ ነገር ከሆነ ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ እነግርሻለሁ፣ አንቺም የምትይውን እሰማለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ተነሥታ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በሩን የዘጋሁባት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ያለችኝ የእሷ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ ይላል። እኔ የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ለማን ቀድመን እንንገር የሚለውን አብረን ስንመርጥ።

ገና ያልተካንኩበትም አለ። ልጅ ሲጮህ ወደ እሱ እጠጋለሁ። ራቅ ብሎ ጎን ለጎን መቆምን፣ መውጫውን አለመዝጋትን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግን ከጓደኞቼ ጋር እየተለማመድን ነው። ቃላቱ ይቀሉኛል፣ እግሬ ግን አሁንም ይቀድመኛል።

በሚቀጥለው ወር የሌሊት ፈረቃ እጀምራለሁ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያለው ሰዓት ለልጆቹ ከባድ ነው ይላሉ። የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ያን ሰዓት እንዴት እንደምታሳልፉት ንገሩኝ።