ፈርንና ቀንድ አውጣ በጋውን እንዴት ያልፉታል?

የመስቀል ሰሞን ዘጌ ከሚገኘው የአያቴ የቡና ጫካ ሁለት ነገሮች ይዤ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ፦ ከወደቀ የዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ከነቅርፊቱ የተላጠ ፈርን የሚባል አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ አምስት ቀንድ አውጣዎች። ውኃ ፍለጋ ርቀው መሄድ የማይችሉት እነዚህ ሁለቱ ረጅሙን በጋ በምን ይሻገሩታል? ብዬ ነበር።

አያቴ ሐሳቤን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ በበጋ እኮ ሁለቱም ይተኛሉ፤ ምን ልታይ ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ ግን አተኛኘታቸው ይለያይ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

ወርቅ ሠሪ ጎረቤቴ ትርፍ ሚዛኑን አዋሰኝ፤ በየእሑዱ መመዘን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓመት ከንቱ ቀረ። እንዳይደርቁ ሳስቼ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዘጋሁባቸው፤ ፈርኑ ሻገተ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በጣም አዘንኩ። በሁለተኛው ዓመት ሌሎች አምጥቼ አፉን በሻሽ በሸፈንኩት ቅርጫት ውስጥ ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ አኖርኳቸው።

ሌላው ስሕተቴ ሰዓት አለመጠበቄ ነበር። አንዱን እሑድ በማለዳ፣ ሌላውን በቀትር ስመዝን የፈርኑ ክብደት ከፍ ዝቅ እያለ ግራ አጋባኝ። ለካ ቅጠሉ የሌሊቱን እርጥበት እየጠጣ ኖሯል!

ሁልጊዜ በቀትር ስመዝን ነገሩ ጠራ። ፈርኑ ውኃውን ለቀቀው፤ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ እንደ ደረቀ ጌሾ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሆነ። ቀንድ አውጣው ግን ውኃውን ቆለፈበት። የዛጎሉን አፍ በራሱ ዝልግልግ ፈሳሽ ዘጋው፤ ፈሳሹም ደርቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ መጋረጃ ሆነ። ክብደቱ ከሳምንት ሳምንት እምብዛም አልጎደለም። አንዱ ባዶውን፣ ሌላው ስንቁን አቅፎ ዝናብ ይጠብቃል።

ይህ መቆለፍ ምን ያህል እንደሚያቆይ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ዓባያችን ከሚደርስባት ከግብጽ የተወሰደ አንድ የበረሃ ቀንድ አውጣ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 እንደ ሞተ ተቆጥሮ ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ሙዚየም ካርቶን ላይ ተለጠፈ። በ1850 በሕይወት ተገኘ።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቅርጫቱን ወደ ደጅ አወጣሁት። አንዱ ቀንድ አውጣ መጋረጃውን ቀዶ ቀንዶቹን ሲያወጣ ገና አልመሸም ነበር፤ ፈርኑ ተዘርግቶ አረንጓዴ የሆነው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ለአያቴ ደውዬ ስነግራቸው «ሁሉም ተነሡ?» አሉኝ። አራቱ ተነሥተዋል። አምስተኛው አሁንም እንደ ተዘጋ ነው፤ የለንደኑን አስቤ አልጣልኩትም።