ለሕፃናት የጥርስ ማደንዘዣ ስሰጥ የተማርኳቸው ነገሮች

ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሕፃናትን ሳክም፣ ከመንቀሉም ከመሙላቱም የሚከብደው ማደንዘዣ መውጋቱ ነው። «ካስቸገርክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ነጭ ጋዋን ሲያይ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። በአፍንጫ የሚሳብ የማረጋጊያ ጋዝ በክሊኒካችን ስለሌለ፣ ያለኝ ምርጫ የምናገረውንና የእጄን አሠራር ማስተካከል ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የማነጋግረው ወላጆችን ነው። «መርፌ የለም፣ ምንም አያምህም» እንዳይሉ እለምናቸዋለሁ፤ ልጁ መወጋቱን ሲያውቅ እናቱንም እኔንም ማመን ያቆማልና። ለልጁ የምነግረው «የኔ ጎበዝ፣ ጥርስህን እናስተኛዋለን፤ መጀመሪያ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ካመመህ ግራ እጅህን አንሣ፣ አቆማለሁ» ብዬ ነው። አማርኛ ለማይሰማ ልጅ ነርሷ ይህንኑ በሲዳሙ አፎ ትነግረዋለች። እጁን ሲያነሣ በእርግጥ ካላቆምኩ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚያደነዝዘውን ጄል ከመቀባቴ በፊት ድዱን በጎዝ በደንብ አደርቃለሁ። ምራቅ ባለበት ድድ ላይ የተቀባ ጄል ወደ ምላስና ጉሮሮ ስለሚፈስ፣ መወጊያው ቦታ ሳይደነዝዝ ልጁ በምሬቱና በጉሮሮው መደንዘዝ ይደናገጣል። በጥጥ ጫፍ ጥቂት አድርጌ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ቤንዞኬይን የተባለ ማደንዘዣ ያለበትን ጄል ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አልጠቀምም፤ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊያውክ ይችላል።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት መድኃኒቱን በዝግታ በመስጠት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው የሚመጣው መርፌው ሲገባ ሳይሆን ፈሳሹ በፍጥነት ተገፍቶ ሥጋውን ሲወጥረው ነው፤ የምወጋው ማደንዘዣ፣ አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን፣ አሲድነት ስላለው ደግሞ ያቃጥላል። ስለዚህ ካርትሪጁን፣ ማለትም መድኃኒቱ ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ፣ በመዳፌ ይዤ ቅዝቃዜውን አጠፋለሁ፣ ነርሷ ሲሪንጁን ከልጁ ዓይን ውጭ ታቀብለኛለች፣ ጉንጩን በጣቴ ስቤ እያወዛወዝኩ መርፌውን አስገባለሁ። ጥቂት ጠብታ ሰጥቼ እቆማለሁ፤ ከዚያ በደቂቃ ከ1 ሚሊ ሊትር ሳላስበልጥ እቀጥላለሁ። በዚህ ጊዜ የማየው የልጁን ፊት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ልጆች ከማልቀሳቸው በፊት የእግራቸው ጣቶች ይኮማተራሉ፣ ያን ጊዜ እጄን እገታለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚያለቅስን ልጅ ማባበል ከዚህ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አራት ሰው ጨብጦ ይዞት መውጋትን በበኩሌ እንደ ሕክምና አልቆጥረውም።

መጠኑን በግምት መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው። ባለ 1.8 ሚሊ ሊትር የ2 በመቶ ሊዶኬይን ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ በምከተለው መመሪያ ለልጅ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው። ለአዋቂ ቀላል የሆነው ሁለት ካርትሪጅ 72 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 66 ሚሊ ግራም ብቻ የሚፈቀድለትን የ15 ኪሎ ልጅ ከወሰኑ ያሳልፈዋል። ሚዛኑን ከበሩ አጠገብ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው፤ ሳይመዘን ወንበር ላይ የሚወጣ ልጅ የለም።

ከሕክምናው በኋላ ከንፈርና ጉንጭ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ደንዝዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ልጁም የራሱ ስለማይመስለው ያኝከዋል። የተነከሰው ከንፈር ሲያብጥና ነጣ ያለ ሽፋን ሲሠራ እናቶች መግል መስሏቸው አንቲባዮቲክ ለመጠየቅ ይመለሳሉ። አሁን ልጁን መስተዋት ፊት አቁሜ ከንፈሩ እንዳላበጠ አሳየዋለሁ፤ ለእናቱም መደንዘዙ ሳይለቅ ምግብ እንዳትሰጠውና ከዓይኗ እንዳታርቀው አስረዳታለሁ።