የፓይተን የዳታ ዓይነቶች ከአክስቴ የቡና ደብተር ላይ እንዴት ገቡኝ

ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እያንዳንዱ መረጃ ዓይነት አለው፦ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)፣ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር)፣ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት)። ይህን ዝርዝር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በደንብ የገባኝ ግን አክስቴ እዚህ ጅማ ከማና እና ከጎማ ወረዳ ገበሬዎች ጀንፈል ስትረከብ የምትጽፍበትን ደብተር ወደ ፕሮግራም ልቀይር ስነሳ ነው። እያንዳንዱን ዓምድ «ይኼን ምን ላደርገው ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስልክ ቁጥርን እንውሰድ። በ09 የሚጀምር ስልክ ወደ ኢንቲጀር ሲቀየር የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች። ደግሞስ ስልክ ማን ይደምራል? አሃዝ ብቻ ቢሆንም ስትሪንግ ነው። ኪሎ ግን ይደመራል። ኢንፑት የሚባለው ፈንክሽን ከኪቦርድ የተቀበለውን ሁሉ ስትሪንግ አድርጎ ስለሚመልስ፣ 17 እና 34 ሳይቀየሩ ቢደመሩ 1734 ይወጣል። ሦስት ፈረሱላ ማለትም 51 ኪሎ የነበረው ቡና 1734 ኪሎ ሆነ ማለት ነው! መጀመሪያ ወደ ቁጥር መቀየር ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የቆየሁት ብሩ ላይ ነው። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። ፍሎት ቁጥሮችን በባይነሪ (በ0 እና 1 ብቻ) ስለሚያስቀምጥ 0.1ን ልክ በልኩ ሊይዘው አይችልም። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለ ትርፍራፊ እንዲገባ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሁሉንም በሳንቲም አድርጌ ኢንቲጀር ውስጥ አስቀመጥኩ፤ 185 ብር ከ50 ሳንቲም 18550 ይሆናል፣ ለ100 የሚካፈለው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ነው። አስርዮሽ ቁጥርን ልክ በልኩ የሚይዝ ዴሲማል የሚባል ሞጁልም አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን ሳንቲሙ በቂ ነው።

ሌላው ቀላል ነበር። ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ቡሊያን፣ የቀኑ ርክክብ ሊስት (በተራ የተደረደረ ዝርዝር) ሆነ። ቡናው የመጣባቸውን ወረዳዎች ሴት (set) በተባለው፣ ድግግሞሽ በማይቀበለው ዓይነት ያዝኩ፤ ማና ስንት ጊዜ ቢጻፍ አንዴ ብቻ ይቀመጣል። ለገበሬዎቹ እያንዳንዱን መረጃ ከአንድ ቁልፍ ጋር የሚያያይዘውን ዲክሽነሪ ተጠቀምኩ፤ ቁልፉ ስም ሳይሆን ስልክ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሞክሼዎች ቢኖሩ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል።

አክስቴ ቀኑን በግዕዝ ቁጥር ነው የምትጽፈው። ፓይተንን ፭ አሃዝ ነው ወይ ብለው በኢዝዲጂት (isdigit) ሲጠይቁት «አዎ» ይላል፤ ወደ ኢንቲጀር ቀይረው ሲሉት ግን ቫልዩ ኤረር የሚባል የስህተት መልእክት ያወጣል። ስለዚህ ፩ን ከ1፣ ፲ን ከ10 እያያያዘ የሚሄድ ትንሽ ዲክሽነሪ ጨመርኩ፤ ፲፯ ሲመጣ 10 እና 7ን ይደምራል።