የሃርድዊኳ ቤስ፦ የሲሶ ድርሻና የተጠላለፈ ዝምድና

ቤስ በእንግሊዝ፣ በደርቢሸር፣ ከአነስተኛ ባላባት ቤት ተወለደች። አራት ጊዜ አግብታ አራቱንም ባሎቿን ቀበረች።

የመጀመሪያው፣ ሮበርት ባርሎ፣ በ1544 ሲሞት (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ገና ልጅ እግር ነበረች። በዘመኑ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት የመሬቱን ሲሶ እስከ ዕለተ ሞቷ ትጠቀምበት ነበር እንጂ አትሸጠውም ነበር። ቤስ ይህችኑ ሲሶ ለማግኘት ፍርድ ቤት መሟገት ነበረባት።

ስምንት ልጆች የወለደችው ከሁለተኛው ባሏ ከሰር ዊልያም ካቨንዲሽ ነው፤ ስድስቱ አደጉላት። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አራተኛው ጋብቻ ነው። እሷ የሽሩስበሪን ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ስታገባ ልጇ ሜሪ የኧርሉን ልጅ ጊልበርትን፣ ልጇ ሄንሪ ደግሞ የኧርሉን ልጅ ግሬስን አገቡ። ግሬስ ያኔ ስምንት ዓመት ገደማ ብትሆን ነው! ጊልበርት ለቤስ የእንጀራ ልጅም አማችም ሆነ ማለት ነው።

የዘር ሐረጉን ስትሠሩ ሁለት ነገር ያሳስታል። በዘመኑ ደብዳቤዎች «ልጄ» የሚለው ቃል ለምራትም፣ ለአማችም፣ ለእንጀራ ልጅም ይውላል። ዓመቱም የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። የልጆቹ ሠርግ በዛሬው የአውሮፓ ስሌት ፌብሩዋሪ 1568 ሲሆን በዘመኑ አቆጣጠር ግን ዓመቱ ገና 1567 ነበር፤ ሳታስተካክሉ ከገለበጣችሁት ሠርጉ በአንድ ዓመት ይቀድማል።