ቫሳን ጠረጴዛዬ ላይ እንዴት ሠራኋት

ሞዴል ልሠራላት ቫሳ የምትባለውን የድሮ የጦር መርከብ የመረጥኳት ስለሰመጠች ነው። ቀልዴን አይደለም። አብዛኞቹ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦች ዛሬ የሉም፤ ሞዴላቸውን የሚሠራ ሰው ሥዕልና ሰነድ እያገላበጠ መገመት አለበት። ቫሳ ግን እዚሁ ስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን ደሴት ላይ ባለው ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ግራ ሲገባኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄጄ አያታለሁ።

ታሪኳን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ሲዋጋ ትልቅና አስፈሪ የጦር መርከብ አዘዘ። ሥራውን የጀመረው ሆላንዳዊው ሄንሪክ ሂበርትሶን እ.ኤ.አ. በ1627 ሞተ፤ ሌሎች ጨረሱት። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ መርከቧ ትረጋጋ እንደሆነ ተፈተነ። ሦስቴ ሲሮጡ ክፉኛ ስለተወዛወዘች ፈተናው ተቋረጠ። ጉዞው ግን አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ተነሳች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ ገፋት፤ ወደ ግራ አጋደለች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ፤ በቃ። 30 ያህል ሰዎች አለቁ። እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ ባሕር ሥር ተኛች። የባልቲክ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም። ዛሬ ቆማ የምናያት ከሞላ ጎደል በራሷ እንጨት የሆነው ለዚህ ነው።

እኔ የሠራኋት በ1 ለ75 ልኬት ነው። እውነተኛዋ ከፊት ከተዘረጋው ምሰሶ ጫፍ እስከ ኋላ 69 ሜትር ናት፤ የእኔዋ 92 ሴንቲ ሜትር። ቁመቷ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የገዛሁት በካርቶን የሚሸጠውን ዝግጁ ዕቃ ነው። በሌዘር የተቆረጡ የኮምፔርሳቶ ጎድኖች፣ ቀጫጭን ጣውላዎች፣ ክር፣ ከብረት የተቀረጹ ጌጦችና ፕላን አለው። ከባዶ ተነስቶ መሥራት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ግን መጀመሪያ ላይ ለዚያ የሚሆን ትዕግሥትም ማሽንም አልነበረኝም።

ሥራው ያለው አካሏ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሸራና ገመዱን አይቶ ይደነቃል፤ ሞዴሉ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን ጎድኖቹን ስታስተካክል ነው። ጎድኖቹ ሥር ባለው ዋና ግንድ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ትሞርዳለህ፤ ጣውላው ሲያርፍባቸው ሁሉንም እኩል መንካት አለበት። ልኩን የምታውቀው አንድ ቀጭን ጣውላ ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ይዘህ በማሳረፍ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ክፍተት ካየህ አሁኑኑ አስተካክል። በኋላ ስቱኮ እሞላበታለሁ ብለህ ብታልፈው ቀለሙ ራሱ ያሳብቅብሃል።

ጣውላ ማጠፍ ሌላው ነገር ነው። የመርከቧ አፍንጫ ክብ ስለሆነ ደረቅ ጣውላ እዚያ ላይ ይሰበራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ በካውያ ሙቀት ቀስ እያልኩ አጠፍኩት። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን የቤት ዕቃ የሠራ አናጺ አጎት አለኝ፤ በቪዲዮ ሳሳየው፣ «አታስገድደው ልጄ፣ አለማምደው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያጠፍከውን እዚያው ሳትለጥፍ ቅርጹ ላይ አስረህ አሳድረው። በማግሥቱ ኮላ ብትቀባው ያለ ትግል ይቀመጣል። ደግሞም ሁልጊዜ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እያልክ ለጥፍ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ብትሄድ ዋናው ግንድ ይጣመማል።

የሚገርመው እውነተኛዋ ቫሳ ራሷ ሁለት ጎኗ እኩል አይደለም። ተመራማሪዎች መርከቧ ውስጥ የሠራተኞቹን ማስመሪያዎች አግኝተዋል፤ አንዳንዱ 12 ኢንች ባለው የስዊድን ጫማ፣ ሌላው 11 ኢንች ባለው የአምስተርዳም ጫማ የተለካ ነው። ሁሉም በየራሱ ልክ ሲቆርጥ ከረመ ማለት ነው። በግራ በኩል ያለው እንጨትም ይወፍራል። እኔ ይህን ላስመስል ብዬ አሰብኩና ተውኩት። በ1 ለ75 ማንም አያየውም፤ ያየ ሰው ደግሞ ሠሪው ማበላሸቱን እንጂ ታሪኩን አይገምትም።

መርከቧ በኦክ እንጨት ብትሠራም ለሞዴሉ ላይኛ ሽፋን ኦክ አልተጠቀምኩም። የኦክ ቀዳዳዎችና መስመሮች በዚህ ልኬት ላይ በጣም ይገዝፋሉ። ደቃቅ መስመር ያለው የፒር እንጨት ለብቻው ገዝቼ አለበስኳት። ትንሽ ውድ ነው፤ ግን የሚቆጭ አይደለም።

ጎድኖቹን በተርታ ሳቆማቸው አንድ ነገር በደንብ ገባኝ። መጽሐፍ ላይ «ከላይ ከብዳ ነበር» የሚለውን አንብቤ አልፌው ነበር። መካከለኛውን ጎድን እጄ ላይ ይዤ ሳየው ከውሃ በታች ያለው አካል ትንሽ፣ ከውሃ በላይ ያለው ግን ሁለት የመድፍ ወለል የተሸከመ ረጅም ግንብ ነው። 64 መድፍ ነበራት፤ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናሉ። ማረጋጊያ ብለው ታች የጫኑት ድንጋይ 120 ቶን ያህል ነው። ተጨማሪ ድንጋይ ለመጫን ደግሞ ቦታውም የለም፤ ቢጫን ኖሮ የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ጭራሽ ወደ ውሃው ይቀርቡ ነበር።

ቀለም ላይ ከካርቶኑ ሥዕል ጋር ተጣላሁ። ሥዕሉ ሰማያዊና ወርቃማ ነው፤ ድሮ እንደዚያ ይታመን ነበር። በኋላ ከእንጨቱ ላይ የተረፉ የቀለም ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ መደቡ ቀይ፣ ምስሎቹም ደማቅና ብዙ ቀለም ያላቸው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ቀይ ቀባኋት። ፊት ለፊት ያለው አንበሳ በእውነቱ 3 ሜትር ነው፤ በእኔዋ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር። ከጀርባው ተደርድረው የቆሙትን የሮም ቄሳሮች ለመቀባት ወረንጦ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ብሩሽና ጥሩ መብራት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ስቶክሆልም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ አጉሊ መነጽር ያለው መብራት ነው፤ ከገዛሁት ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ስለ ገመዱ ብዙ አላወራም፤ አድካሚ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ክሩን ሁሉ ሰም አስነካሁት፤ አለበለዚያ ፀጉሩ ይቆማል፣ አቧራም ይይዛል። ውፍረቱን በልኬቱ አስላ፤ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ገመድ እዚህ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ክር አብዛኛው ከሚገባው በላይ ወፍራም ስለነበር ቀየርኩት። ቋጠሮውን በሱፐር ግሉ አታስይዝ፤ ክሩን ያደርቀዋል፣ ነጭ ምልክትም ይተዋል። በውሃ የቀጠነ ኮላ ይበቃል።

ከሁሉ ብዙ ያሰብኩበት ሸራው ነው። ቫሳ አሥር ሸራ ነበራት፤ ሱቅ ውስጥ የምታያቸው ሞዴሎች አሥሩንም ዘርግተው እንደ ሠርግ ቀን ያቆሟታል። በዚያች ቀን የተዘረጉት ግን አራት ብቻ ነበሩ። እኔም አራቱን ብቻ ዘረጋሁ፣ ሌሎቹን ጠቅልዬ አሰርኩ፤ የታችኛውን ወለል የመድፍ መስኮቶችም ከፍቼ ተውኳቸው። አንዳንድ እንግዶች «ሸራው አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል። ያኔ ታሪኩን ለመንገር ምክንያት አገኛለሁ።

ለመጀመር የምታስብ ካለህ በቫሳ አትጀምር። ባለ አንድ ምሰሶ ትንሽ ጀልባ ውሰድ፤ ጣውላ ማጠፍና ገመድ ማሰር እሱ ላይ ተማር። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ሞዴሉ የሚቆምበትን ቦታ ለካ። ባለቤቴ ካርቶኑን ባየች ቀን «የት ልታቆማት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። የመስታወት ሳጥንም አብረህ አስብ፤ ገመዶቹ መሐል የገባ አቧራ በብሩሽ አይወጣም። የእኔዋ ሳጥን ከሞዴሉ ያልተናነሰ ዋጋ ወጥቶበታል፤ አሁን ኮሪደሩ ላይ ናት፤ የክረምት ጃኬቶቻችን ወደ ልጆቹ ክፍል ተሰደዋል።